የጋሽ ተሰማ ሾርባ

ሚጥሚጣ የማያድነው በሽታ የለም። ቢያንስ እኛ ሸዋ ሮቢቶች ዘንድ የለም። አፍንጫችሁ ታፈነ? ሚጥሚጣ። የምግብ ፍላጎታችሁ ጠፋ? ሚጥሚጣ። ጥሬ ሥጋ በልታችሁ ሆዳችሁ ጮኸ? ሚጥሚጣውን አሳንሳችሁት ነዋ! ደገኛ እንግዳ መጥቶ፣ «ጥላ ሥር ተቀምጦ በሚያልብበት አገር ይህን እሳት እንዴት ትበላላችሁ?» ሲለን እንስቅበታለን። ላብ ከወረደ በኋላ ሽው የምትለው ነፋስ እንዴት እንደምትጥም አያውቃትማ። እኔም ብሆን ያለሚጥሚጣ እንቁላል ፍርፍር አይወርድልኝም፤ ስለዚህ ሊያማት ተነሳ እንዳትሉኝ።

ጉዳዬ ከጋሽ ተሰማ ጋር ነው። ጋሽ ተሰማ በደሴ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ጎረቤቴ ነበር፤ ከሰውነቱ ድምፁ የሚበልጥ ሰው። ሾፌሮች ጎማቸው እስኪሠራ ድረስ የሚጥሚጣን ጥቅም በግድ ይሰሙ ነበር። ደም ታጠራለች፣ ልብ ታጠነክራለች፣ ጉንፋንን ደጃፍ አታስደርስም። እሱ ይሰብካል፣ ሚስቱ እትዬ ብርቄ ሾርባውን ትሠራለች። የፍየል አጥንት ቀቅላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጣ ጨምራ፣ ሊወርድ ሲል ሚጥሚጣዋን ትነሰንስበታለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይጣፍጣል። እስከ ጆሮ ግንድ ይሰማል።

ባጃጅ ከተማችን ከገባች ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ክረምት አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቶ ሳለ፣ ወባ ገባች። ቀበሌው ያደለንን አጎበር ጋሽ ተሰማ የጫጩት ቤት አጥሮበት ነበርና ጫጩቶቹ ተረፉ፤ እሱ ወደቀ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጋቢ ላይ ጋቢ ሲደረብበት፣ እትዬ ብርቄ ባጃጅ አስጠርታ ደጅ አቆመች። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። እሱ ግን «መጀመሪያ ሾርባዬን!» አለ። ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ላቡ ተንቆረቆረ፣ ትኩሳቱ በረደለት፣ ተነስቶ ተቀመጠ። «ይኸው! ለዚህ ነው ሄደህ ደም ስጥ የምትሉኝ?» ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ። ልንጠይቀው የመጣነው ሰዎችም፣ «ሚጥሚጣ እኮ!» እየተባባልን ወጣን።

እንግዲህ ወባ ልማድ አላት። ታንቀጠቅጣለች፣ በትኩሳት ታነድዳለች፣ በመጨረሻ በላብ አጥምቃ ትለቃለች፤ አንድ ቀን አሳርፋ ትመለሳለች። ሾርባ ጠጣችሁ አልጠጣችሁ ግድ የላትም። ይህን የማያውቅ የቆላ ሰው የለም! ሁላችንም እያወቅን ምስጋናውን ለሚጥሚጣ ሰጠን። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ተመልሳ መጣች። ባጃጅ ተጠራ፣ ሾርባ ተጠጣ፣ ላብ ወረደ፣ ባጃጅ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሳበት እትዬ ብርቄ እግሩ ላይ ወድቃ፣ «በሞትኩት፣ ዛሬስ እሺ በለኝ» አለችው። «አንቺ ደግሞ! ይልቅ ሚጥሚጣውን አጠንክሪው» አላት። አጠነከረችው። ላቡም ወረደ።

ወባዋ በመጨረሻ ስትመጣ ግን ሾርባው ከአፉ ተመልሶ በአገጩ ወረደ። ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ በለሆሳስ ሚስቱን በእናቱ ስም ይጠራት ጀመር። ያን ቀን ባጃጁ ባዶውን አልሄደም። ጋሽ ተሰማ ጤና ጣቢያው በር ላይ አረፈ።

ድንኳን ተጣለ፤ ንፍሮ ቀረበ። ለቅሶው ረገብ ሲል ጎረቤታችን ዘሃራ ገብታ እትዬ ብርቄ ጎን ቁጢጥ አለች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት እትዬ። እንዲህ ባለ ሰዓት መጠየቄ ነውር ነው፤ ግን የእኔም ባል ከትናንት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ያ ሾርባ ጋሽ ተሰማን ሦስቴ አድኗቸው የለ? እንዴት ነበር የሚሠሩት?»

እኔ ትሰድባታለች ብዬ ነበር። እትዬ ብርቄ ግን ቀስ ብላ ትነግራት ጀመር።

«የፍየል አጥንት ትቀቅያለሽ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጠሽ ትጨምሪያለሽ። ሚጥሚጣውን ትነሰንሺበታለሽ። ሲንተከተክ ታወጪውና ደጅ ትደፊዋለሽ። ከዚያ ባጃጅ ትጠሪያለሽ። ምን ቢልሽ፣ ምን ቢያልበው ባጃጁን እንዳትመልሺው ልጄ። እንዳትመልሺው!»

ዘሃራ ሻሿን እያጠበቀች በሩጫ ወጣች። እትዬ ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴቶቹ እንደገና አለቀሱ፤ እኔም እንባዬን መመለስ አቃተኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ስንት ማንኪያ ሚጥሚጣ እንደሆነ ሳትነግረን ቀረች እኮ» አለኝ።