የግማሽ ቀን ፈቃድ

ሰው አለቃው ፊት ቆሞ «ቸግሮኛል» ማለት ለምን እንደሚያሳፍረው እንጃ። ጥርሱን ሲያመው መንደር ያውካል፤ ቤቱ ሲናወጥ ግን ኮቱን ቆልፎ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬያለሁ መሰላችሁ? ትምህርቱ ያልገባው መምህሩን ብቻ ነበር።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን እዚያው አቦቦ ወረዳ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ከደጋ ከወረድን ዓመት ሳይሞላን ባለቤቴን አስናቀችን ወባ ጣላት፤ ያውም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች። ቅዳሜ ዕለት ጋምቤላ ከተማ ወስጄ ሆስፒታል አስተኛኋት። እህቷ ከደጋ እስክትደርስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ከእኔ በቀር አስታማሚ የላትም። ጠዋት አስተምሬ ከሰዓት በጭነት መኪና ወደ እሷ ብሄድ፣ አድሬም ማልጄ ብመለስ ይበቃኝ ነበር። ለዚህ ግን የከሰዓት ክፍለ ጊዜዎቼ ወደ ጠዋት መዛወር አለባቸው።

ታዲያ ሰኞ ሄጄ ጠየቅሁ? ምን በወጣኝ! ማመልከቻ ጻፍኩ እንጂ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ! «ከላይ በርእሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብዬ ጀመርኩ፤ የመማር ማስተማሩን ሥራ አወደስኩ፤ አዲሱን ክልል መረቅሁ። ስለ ባለቤቴማ «ቤተሰብ ነክ ሁኔታ» የምትል ሐረግ ጣል አድርጌ አለፍኩ።

ዳይሬክተራችን አቶ ኡቻላ የአካባቢው ተወላጅ ናቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ቁጥብ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው። ወረቀቱን በትዕግሥት እስከ መጨረሻው አነበቡ። ገልብጠው እንደገና ጀመሩት። ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል፤ የአቦቦ ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«መምህር፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን ምን ሆንክ?»

ያ ሁሉ አማርኛ ከዳኝ። «አስናቀች ታማብኛለች» ከማለቴ እንባዬ መጣ፤ ምን ልዋሻችሁ።

ከወንበራቸው ተነሡ። ሆስፒታል የገባችው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቅዳሜ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሚስትህ ተኝታለች፤ አንተ ቁጭ ብለህ ሁለት ገጽ ጻፍክ?» አሉኝ፣ ከቁጣ ይልቅ በመገረም። «አብረን እየሠራን ለምን ደበቅኸኝ?»

የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ከግድግዳ አውርደው እዚያው በእርሳስ አዘዋወሩት፤ የዚያን ዕለትም የጭነት መኪናው ድረስ ሸኙኝ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናችን በተቀረቀረባቸው ጠዋቶች እሳቸው ራሳቸው ክፍሌ ገብተው አስተማሩልኝ። ባለቤታቸውም የተጠበሰ ዓሣ ቋጥረው ጋምቤላ ድረስ ሄደው አስናቀችን ጠየቁ። አስናቀች መጀመሪያ ቀና ብላ የበላችው ያንን ዓሣ ነው።

እህቷ ደረሰች፤ አስናቀችም ከነፅንሷ ተርፋ ወጣች። እኔም ወደ ሙሉ ቀን ሥራዬ ተመለስኩ። ደረቴን ነፍቼ ክፍል ገባሁና፣ የእኔ መጉደል ምን ያህል እንደበደላቸው ተማሪዎቼን በሐዘኔታ ጠየቅኋቸው።

አንዲት ልጅ ከፊት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አቶ ኡቻላ ሲያስተምሩን አማርኛ ቀላል ነው» አለችኝ። «ፈቃድዎን ሁለት ሳምንት ቢጨምሩበትስ?»