ከበቅሎ ጋር ቁራኛ

በዚህ ዓለም ላይ ሕግ የሚባለውን ነገር ጨርሶ የማያውቅ ሰው ቢኖር ሕግ ገልባጩ ጸሐፊ ነው! ምን ትቆጣላችሁ? እኔ ራሴ ጸሐፊ ነበርኩ። አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በወጣ ሰሞን ጎንደር ፍርድ ቤት ተቀምጬ ስንቱን አንቀጽ እንደ ገለበጥኩ ጣቶቼ ይመስክሩ። ባላገሩ መጥቶ "ሕጉ ምን ይላል?" ሲለኝ መነጽሬን ወደ ግንባሬ ገፋ አደርግና "ይከለክላል!" እለዋለሁ። ምኑን? እሱን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አላውቀው።

ከገለበጥኳቸው አንዱ ስለ እንስሳት ነበር። እንስሳን ያለ አግባብ የደበደበ፣ ከአቅሙ በላይ የጫነ፣ ያስራበ ሰው በመቀጮ ወይም በእስራት ይቀጣል ይላል። ቢሮ ውስጥ ሲነበብ ሳቅ በሳቅ ሆንን። አንዱ ባልደረባዬ "እንግዲህ አህያም ጠበቃ ልታቆም ነው!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን ሥራ ሥራ ነው ብዬ፣ ለየአጥቢያ ዳኛው የሚላከውን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ማሳረጊያ ማሳመር ደግሞ ልማዴ ነው። "ይህ የርኅራኄ ሕግ፣ ማንም ሳይለይ፣ ያለ አንዳች ርኅራኄ እንዲፈጸም" ብዬ ጨረስኩታ! እንዴት እንደ ኮራሁበት አትጠይቁኝ።

በዚያው ሰሞን ልጅ ታጭታልኝ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩት የቀኛዝማች ደምሴ ልጅ፣ አትጠገብ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሩቅ አይቻት፣ ከዚያ በኋላ እህል አልረጋልኝም። ቀኛዝማች ግን ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ስልክ ምን አሉ? "ሀብት አልጠየቅሁም። ስሙ ንጹሕ ይሁን። አንዲት ነውር ከሰማሁ ነገሩ ቀረ!" ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ንግሥ ወጥቼ፣ በማግሥቱ ሰማንያችን ሊፈረም ቀን ተቆረጠ።

ቀኛዝማች ከዚያ በፊት ለርስት ክርክር ጎንደር መጥተው ነበርና፣ ቁርጥማት ስለ ያዛቸው በመኪና ሲመለሱ በቅሏቸውን እኔ ዘንድ ተዉ። "ለጊዮርጊስ ስትመጣ ተቀምጠሃት ና። እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት።" እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ስለ በቅሎ የማውቀው በየትኛው በኩል እንደምትራገጥ ብቻ ነው። ግን አማች ሊሆን የፈለገ ሰው ምን ይላል? "እሺ ጌታዬ" ነው እንጂ!

በበዓሉ ቀን ኮቴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርጌ፣ በልጓም የተሸለመች በቅሎ ላይ ጉብ ብዬ ወገራን አቋረጥኩ። መቀመጫዬ ቢላላጥም አልተናገርኩም። አምባ ጊዮርጊስ ገበያው ዳር ስንደርስ፣ ከአንዲት ትልቅ ወይራ አጠገብ... በቅሎዋ ቀጥ! "ሂጂ" አልኩ። ቀጥ። "ሂጂ እንጂ እመቤቴ!" ቀጥ። ወደ ንግሡ የሚሄደው ሕዝብ ቆሞ ያየን ጀመር። አንዲት ሴት "ከረባቱን ይሳበው እንደሁ ትሄድለት" ስትል ሰዉ በሳቅ አወካ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ልምጬን አነሣሁና ቸብ! ቸብ! ቸብ!

"በሕግ አምላክ!" የሚል ድምፅ ከሕዝቡ መካከል ተሰማ።

መቼም በሕግ አምላክ ከተባለ ወራጅ ውኃም ይቆማል በሚባልበት አገር እጄ አየር ላይ ደርቆ ቀረ። ከወይራዋ ሥር አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። የቦታው አጥቢያ ዳኛ፣ አያ ቢያድግልኝ ናቸው። ተቆጥተው እንዳይመስላችሁ! ደስታቸው ከፊታቸው ሊፈስ ምንም አልቀረው።

"እሰይ! ጊዮርጊስ እንግዳ ላከልኝ!" አሉ። "ሕጉ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምቀጣው ጨካኝ አጥቼ! በሬውን የሚቀጠቅጠው የአጎቴ ልጅ ነው። አህያውን የሚያጎብጠው የክርስትና ልጄ ነው። ማንን ልያዝ? አንተን ግን ማንም አያውቅህም!"

ከጋቢያቸው እጥፋት ወረቀት አወጡ።

"ይኸን ጽሕፈት ታውቀዋለህ?"

"አ... አውቀዋለሁ።"

"የማን ነው?"

"የኔ ነው፣ አያ።"

"እስቲ ማሳረጊያውን ለሕዝቡ አንብብለት።"

አነበብኩ። "ያለ አንዳች ርኅራኄ" ላይ ስደርስ ድምፄ እንደ ዶሮ ጫጩት ቀጠነ። ቢሆንም ነገር አዋቂ ነኝና አንድ መውጫ ታየኝ። "ለመሆኑ ከሳሼ ማን ነው? ከሳሽ ከሌለ ክስ የለም!" አልኩ። በሕግ አምላክ ያለው ሰውዬ ነጠላውን ተከናንቦ ሰው መካከል ጠፍቷል። አያ ቢያድግልኝ ጢማቸውን አሹ፣ አሹና...

"ተበዳይዋ ቆማ የለም ወይ?" አሉ ወደ በቅሎዋ እያመለከቱ። "ቅዳሴው እስኪወጣ ችሎት አልቀመጥም። እስከዚያ ቁራኛ ናችሁ።"

ቁራኛን ልጆቻችሁ ላያውቁት ይችላሉ። ከሳሽና ተከሳሽ አንዳቸው እንዳይጠፉ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ዳኛ እስኪሰማቸው አብረው የሚውሉበት የአባቶች ሥርዓት ነው። አብሮ መብላት፣ አብሮ መጠጣት፣ አብሮ... ሌላውንም አብሮ ነው።

"አያ፣ ቁራኛ እኮ ቀርቷል!" አልኩ።

"ቀርቷል ብለህ አልጻፍክልኝም" አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ጸጥታ ጠባቂው ነጭ ለባሽ መጥቶ የነጠላዬን ጫፍ ከበቅሎዋ ልጓም ጋር ቋጠረው። እሷ ወደ ሣሩ ጎንበስ ስትል እኔም ጎንበስ፤ ቀና ስትል ቀና። የሰፈሩ ሕዝብ ንግሡን ትቶ እኛን ከበበን። ትንሽ ቆይተው አያ ቢያድግልኝ ርኅራኄ ተሰማቸው መሰለኝ "ዋስ ያገኘ ይፈታል" ብለው አወጁ።

"ለበቅሎዋ ዋስ የሚሆን?"

ኧረ ምን ትላላችሁ! ከዐሥር የማያንስ ሰው እጁን አነሣ። "የቀኛዝማች በቅሎ አይደለችም ወይ? እኔ ዋስ! የት ትሄዳለች? ጨዋ ናት!" ተሻሙባት እኮ።

"ለዚህ ሰውዬስ?"

ጸጥ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። የቀኛዝማችን ስም ልጥራ ብዬ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን "አንዲት ነውር ከሰማሁ" ያሉት ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት። በቅሎዋ በዋስ ተለቀቀችና ጅራቷን እያወዛወዘች እዚያው አጠገባችን ወደ ግጦሿ ሄደች። እኔን ለብቻዬ መተው ስለማይቻል የነጠላዬን ጫፍ ከወይራዋ ጋር ቋጠሩት።

ቅዳሴው ወጣ፤ ችሎቱም ተቀመጠ። አንድ ምስክር ተነሣ። "ይቺ በቅሎ እዚች ወይራ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች። ምነው ቢሉ፣ ቀኛዝማች እዚህ ቆመው ነው ሕዝቡ እጅ ሲነሣ የሚቀበሉት። ዛሬም እኛ እጅ እስክንነሣ ነበር የጠበቀችው። እኛ ዝም አልናት፤ ይኸ መታት።" ሕዝቡ "እህህ!" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለካስ የተመታችው እልከኛ ሆና ሳይሆን ጨዋ ሆና ነው! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ።

አያ ቢያድግልኝ ጣታቸውን ያጥፉ ጀመር። "ቅጣት ሲወሰን የሚያከብደውም የሚያቀለውም ይታያል። ሕጉን እያወቀ ነው የመታት፤ ይከብዳል። በንግሥ ቀን ነው፤ ይከብዳል። በጨዋነቷ ነው፤ እሱማ በጣም ይከብዳል። የሚያቀልልህ አለህ?"

"ሦስተኛው ልምጭ ያገኘው ኮርቻውን ነው" አልኩ።

አሰቡ። "ሙከራ ነው። ሙከራስ አያስቀጣም?"

"እኔ እንጃ" አልኩ።

"ያስቀጣል። መቀጮ ለባለ ከረባት ምኑ ነው፤ ሰጥቶ ይሄዳል። ሰባት ቀን እስራት!"

ሰባት ቀን! ሰማንያው እኮ ነገ ነው! ዓይኔ ጨለመ። አትጠገብ ለሌላ ሰው ተድራ፣ እኔ ከሌባ ጋር ቁንጫ ስቆጥር ታየኝ። አፌን ከፍቼ ልለምን ስል ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና ጎንበስ ጎንበስ አለ። ቀኛዝማች ደምሴ ከነቤተሰባቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኖሯል። መጀመሪያ በቅሏቸውን አዩ። ቀጥሎ ወይራዋን። በመጨረሻ ወይራዋ ላይ የታሰረውን አዩ።

"ማን ነው ይኸ?"

"አማችዎ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ገና ነህ!"

ነገሩን አስረዷቸው። ቀኛዝማች ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አማች ሊሆን የመጣ ሰው ከታሰረ ለሳቸውም ስም አይበጅም። "ዕርቅ አይቻልም ወይ?" አሉ።

"ተበዳይዋ ከታረቀችው እኔን ምን ቸገረኝ" አሉ ዳኛው።

ሽማግሌዎች መከሩና ፍርዱ ወጣ። ድንጋይ ተሸክሜ በበቅሎዋ ፊት እወድቃለሁ፤ ከዚያ ገብስ በእጄ አቀርብላታለሁ። ከበላች ታረቀች። እምቢ ካለች ሰባት ቀኑ ይጸናል። ቀኛዝማችም ቀበል አድርገው "የልጄም ነገር ያበቃል!" አሉ።

ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አስቀመጡልኝ። እናንተ በዚያን ሰዓት ብታዩኝ! ከረባቴ አቧራ እየጠረገ፣ በሁለት እጄ ገብስ ይዤ በበቅሎ ፊት ተንበረከክሁ። "ይቅር በይኝ እመቤቴ፤ አላወቅሁም ነበር።" ፊቷን ወደ ግራ አዞረች። ዞሬ በግራ ተንበረከክሁ፤ ወደ ቀኝ አዞረች። "ቂመኛ ናት" አለ አንዱ። ገብሱ በጣቶቼ መካከል ይፈሳል። ከሴቶቹ በኩል አትጠገብ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየሁ። እየሳቀች ነው እንዳልል ዓይኗ ፈርቷል፤ ፈርታለች እንዳልል ትስቃለች። "በጊዮርጊስ ይሁንብሽ!" አልኩ፤ አሁን የምሬን ነው፤ እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ በቅሎዋ አንገቷን ዘረጋች፤ በዚያ ለስላሳ አፍንጫዋ መዳፌን አሸተተችና ገብሱን ቆረጠም አደረገችው። እልልታው ቀለጠ! በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ድንጋዩን እንኳ ማውረድ ረስቼ ነበር።

በማግሥቱ ከቀኛዝማች ቤት ለሰማንያው ተሰበሰብን። አያ ቢያድግልኝም ለምስክርነት ተጠርተው ከላይ ተቀምጠዋል። "ጽሕፈቱስ ሸጋ ነው" ስላሉ የገዛ ውሌን የምጽፈው ራሴ ሆንኩ። ሀብቱን እኩል እኩል፣ ጥጃ በጥጃ ብለን ጨርሰን ልንፈርም ስንል፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ። አትጠገብ ናት።

"አንድ ነገር ይጨመርልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እጮኛ በሰማንያዋ ላይ ስትናገር ሰምተው አያውቁም። "ምን ልጄ?" አሉ አያ ቢያድግልኝ።

"የበቅሎዋ ሕግ ይጻፍልኝ። ያለ አግባብ እንዳይመታኝ፣ ከአቅሜ በላይ እንዳይጭነኝ፣ እንዳያስርበኝ።"

እኔ ለማስደሰት ቸኮልኩ። "ይኸማ ምን መጻፍ ያሻዋል? ሰውን የመታ ይቀጣል ይላል እኮ ሕጉ!"

"ሚስቱን የመታ ይላል?"

"እንዴ! ሚስት ሰው አይደለችም ወይ?" ብዬ እንዲያግዙኝ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። አንዱ ጣራውን ያያል። አንዱ ጭራውን ይነቀንቃል፤ ዝንብ እንኳ አልነበረም። አያ ቢያድግልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የባልና የሚስት ነገር የቤት ጉዳይ ነው፤ ዳኛ አይገባበትም።"

"በቅሎስ የቤት አይደለችም?"

"በቅሎማ ደብዳቤ መጥቶላታል።"

አትጠገብ ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ብላ "እንግዲያው በቅሎ ብላችሁ ጻፉኝ" አለች።

ማንም አልሳቀም። ቀኛዝማች ሊቆጡ ከዘራቸውን አነሡ። ሳይናገሩ ግን ከዚያው ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖሩት የቀኛዝማች ባለቤት፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ ነው።

"ቦታ ከተረፈ እኔንም ጨምረኝ፣ ልጄ።"

ቀኛዝማች ከዘራቸውን መልሰው አስቀመጡ፤ መሬት መሬት እያዩ ቀሩ። ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቦታ ተርፏል። ሁለቱንም ጻፍኳቸው።