ኮድ ያልተገኘለት ጣት

(የክሊኒክ ካርድ ክፍል። ወጣት መዝጋቢ ከኮምፒውተሩ ኋላ ተቀምጧል። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ያበጠች ትንሽ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው መስኮቱ ፊት ቆመዋል።)

ልብስ ሰፊ፦ ግራ ነው አልኩህ እኮ!

መዝጋቢ፦ አባባ፣ እኔ ከዚህ ሳየው ቀኝ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ጣቱ የእኔ ነው የአንተ?

መዝጋቢ፦ እሺ፣ ግራ። እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ኮድ የሌለው ሕመም የለም። (ከስክሪኑ እያነበበ) «በውጫዊ ነገር መታነቅ፣ ቁስል የሌለው…»

ልብስ ሰፊ፦ ኧረ ማን ታነቀ? አታሟርትብኝ!

መዝጋቢ፦ ጣትዎ ነው የታነቀው። ምን አነቀው?

ልብስ ሰፊ፦ የልጄ የጋብቻ ቀለበት። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ትዳራለች። «አባዬ ያዝልኝ» አለችኝ፤ ኪሴ ቀዳዳ ነውና ጣቴ ላይ ሰካሁት።

መዝጋቢ፦ ልብስ ሰፊ ሆነው ኪስዎ ቀዳዳ?

ልብስ ሰፊ፦ የሰው ስሰፋ የራሴን መቼ አየሁት? ቶሎ ዶክተሯ ጋ አስገባኝ! ብቻ ቀለበቱን እንዳትቆርጠው፤ ልጄ ትሞትብኛለች።

መዝጋቢ፦ መጀመሪያ ይመዝገብ። የመጀመሪያ ጊዜ ነው ወይስ ክትትል?

ልብስ ሰፊ፦ (ተቆጥተው) የመጀመሪያዋ ነው! ልጄ እንደዚያ ዓይነት አይደለችም!

መዝጋቢ፦ ስለ ጣትዎ ነው የምጠይቀው! አደጋው የደረሰው ቤት ነው ሥራ ቦታ?

ልብስ ሰፊ፦ ቤቴም ሱቄም አንድ ክፍል ነው። አልጋዬ ከመጋረጃው ወዲያ፣ መኪናዬ ከመጋረጃው ወዲህ። እኔ መሐሉ ላይ ነበርኩ።

መዝጋቢ፦ መኪና? የትራፊክ አደጋ ነዋ! ቀድመው አይናገሩም? እሱ ሌላ ገጽ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ የስፌት መኪና!

(መዝጋቢው አይሰማም፤ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ልብስ ሰፊው ከኮሌታቸው ሥር መርፌ ላይ የተጠመጠመ ክር ያወጣሉ። ጫፉን በቀለበቱ ሥር አሹልከው ጣታቸውን ጥብቅ አድርገው ይጠመጥማሉ። ከሥር ሲፈቱት ቀለበቱ እየተሽከረከረ ይወጣል።)

ልብስ ሰፊ፦ ተመስገን! በል ልጄ፣ ደህና ዋል።

መዝጋቢ፦ ወዴት? «አልወጣም» ብዬ ጽፌያለሁ እኮ! ደግሞ እንዲህ የሰፋ ቀለበት ሰው ያንቃል ብዬ ብፈርም ማን ያምነኛል? (ነጥቆ የራሱ ጣት ላይ ይሰካል) ይኸው፣ እንደ ልብ ይገባል፣ እንደ ልብ… (ይጎትታል) እንደ…

ልብስ ሰፊ፦ ሳብ አድርገው እንጂ።

መዝጋቢ፦ (ላብ አጥምቆት) እየሳብኩ ነው! ክርዎን ያምጡት!

ልብስ ሰፊ፦ ተበጣጥሶ አለቀ።

መዝጋቢ፦ እንግዲያው ዶክተሯ ትቁረጠው!

ልብስ ሰፊ፦ የልጄን ቀለበት? በመቃብሬ ላይ! (ሰዓታቸውን አይተው) ሰባት ተኩል! ተነስ፣ እንሂድ!

መዝጋቢ፦ የት?

ልብስ ሰፊ፦ ሠርጉ ላይ ነዋ።

መዝጋቢ፦ አባባ፣ እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ!

ልብስ ሰፊ፦ (ክንዱን ይዘው እየጎተቱት) አንተን ማን ፈለገህ? እኔ የጠራሁት ጣትህን ነው፤ አንተ ዝም ብለህ ተከተለው!