የቡሬ ሹመት

በባሌ ጠቅላይ ግዛት ብዙ ጥበብ ታይቷል። ከሁሉ የሚልቀው ግን የጎባ የከብት ጤና ጉባኤ የላምንና የኮርማን ደም በየማዕረጉ አደላድሎ ያስቀመጠበት ነው። ተፈጥሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ሥርዓት ሳታውቅ በመኖሯ ልትወቀስ ይገባታል።

ነገሩን ያስነሣው ዶክተር ለሜሳ ነበር። ይህ ሰው ባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ ወጣትነቱን ጨርሶ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ከብት ታሞ ሲድን ወይም ሲከተብ በደሙ ውስጥ በሽታውን ለይቶ የሚመክት ፀረ እንግዳ አካል ይፈጠራል፤ ይህ ያለው ይተርፋል፣ የሌለው ያልቃል። ሕዝቡ በትሕትና «ደስታ» ብሎ የሚጠራው የከብት ወረርሽኝ መቃረቡ በተሰማ ጊዜ፣ ዶክተሩ ከየበረቱ ከብት ደም ቀድቶ፣ በብልቃጥ አርግቶ፣ የሚጠልለውን ቢጫ ውሃ ሊመረምር ተነሣ።

ደሙ የሚቀዳው በፊታውራሪ ተሰማ ግቢ ነበር። ጭሰኛቸው ጁሀራ፣ ቡሬ የተባለች ላሟን ከዲንሾ እየነዳች መጥታ ከበሩ ቆመች።

«ፊታውራሪ ምሳ ላይ ናቸው» አላት በረኛው።

«እኔ ፊታውራሪን አልፈለግሁም፤ ዶክተሩ የላሜን ደም ሊወስድ ነው የጠራኝ።»

«ለመስጠትም ቢሆን ደጅ ይጠናል።»

ከምሳ በኋላ ፊታውራሪ ተኙ። ላምና ባለቤት በአንድነት ደጅ ጠኑ፤ እንዲህ ያለው ሥልጣኔ በሌላ አገር መኖሩን አልሰማንም።

ምርመራው አልቆ ጉባኤው በፊታውራሪ ሊቀ መንበርነት ተሰየመ።

«ከሁሉ የበለጠ የመመከት ኃይል የተገኘው በጁሀራ ላም ደም ነው» አለ ዶክተሩ። «ባለፈው ወረርሽኝ ታማ ድናለች። የጌታዬ ኮርማ መኩሪያ ግን ምንም የለውም። ሳይውል ሳያድር መከተብ አለበት።»

ፊታውራሪ፣ መኩሪያን ከጥጃነቱ ጀምረው በገዛ እጃቸው ጨው እያላሱ ያሳደጉት ነበሩና ፊታቸው ጠቆረ።

«የጭሰኛዬ ላም አላት፣ የእኔ ኮርማ የለውም?»

«በሽታው ደርሶበት ስለማያውቅ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንዴት ይደርስበታል? በረኛ አለው።»

የጉባኤው ጸሐፊ አቶ ኃይለመስቀል፣ በቃላት ብዛት የሚስተካከለው ያልነበረ ሰው፣ እጅ ነሥቶ ተነሣ። «ስሕተቱ የአቀማመጥ ነው» አለ። «በግብር አዳራሽ ሰው ሁሉ በየማዕረጉ ሲቀመጥ፣ ደም እንደምን ያለ ቦታው ይቀመጣል?»

ስለዚህ የቡሬ ውጤት ለመኩሪያ፣ የመኩሪያ ባዶነት ለቡሬ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ክትባት ለደካማ ነውና፣ ቡሬ ድል ያደረገችውን በሽታ እንደገና እንድትከላከል ተከተበች። መኩሪያ በክብር ታለፈ።

ዶክተሩ ፊታውራሪን ለብቻቸው አግኝቶ ለመናቸው። «በስውር ልከትበው። አለዚያ ይሞታል።»

«ለጭሰኛ ላም የተወጋውን መርፌ ለእኔ ኮርማ? ደግሞስ ለሜሳ፣ በጉባኤ ተወስኗል እኮ። በሽታው ጉባኤ አያከብርም?»

አላከበረም። በሮቤ ሜዳ ገባ፤ የመኩሪያ ዓይን ያነባ፣ አፉም ይቆስል ጀመር። ከእጃቸው ጨው አልቀበል ባለ ጊዜ፣ ፊታውራሪ ያለ አጃቢ ወደ ዶክተሩ መጡ።

«አድንልኝ» አሉ።

«ክትባቱ አሁን አይደርስለትም። ከዳነች ከብት ደም የሚወጣው ቢጫ ውሃ ግን ምናልባት ያተርፈዋል። ለዚህ ቡሬን የምትተካከል የለችም።»

ፊታውራሪ ወዲያው ፈቀዱ። ቡሬም በጥድፊያ ከዲንሾ መጣች። ጸሐፊው ግን ሥርዓትን የሚያስታውስ ሰው ነበር።

«በውሳኔያችን መሠረት የላሚቱ ደም ባዶ ነው» አለ። «ይህም ይቅር። ዝቅተኛ ደም ወደ ታላቅ ኮርማ ሥር ሲገባ አገር ምን ይላል? አስቀድማ ትሾም።»

ፊታውራሪ በሕይወታቸው ሙሉ ያስከበሩትን ሥርዓት መሻር አልሆነላቸውም፤ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ካባ ተሰፋ፤ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ቡሬ በጉባኤው መሥሪያ ቤት አደባባይ ካባ ደረበች። ዶክተሩ መርፌውን ይዞ ከአጠገቧ ቆመ። ጸሐፊው የሹመቱን ንግግር ከብት ከተፈጠረበት ቀን ጀመረ። ወደ ኖኅ መርከብ ሲደርስ መኩሪያ መሞቱ ተሰማ። ጸሐፊው ሕዝቡን በኅሊና ጸሎት አቁሞ፣ ከመርከቡ ቀጠለ።

የተቀሩት የፊታውራሪ ከብቶች አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር። ፊታውራሪም ዶክተሩን አስከትለው በገዛ እግራቸው ዲንሾ ወጡ።

«ጁሀራ፣ የቀሩትን እንኳ ታትርፍልኝ። ቡሬ የት አለች?»

ጁሀራ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በአክብሮት እጅ ነሣች።

«አለች ጌታዬ። ረቢ ያቆይዎ። ነገር ግን እርስዎ ከሾሟት ወዲህ ባለ ማዕረግ ሆናለች፤ አሁን ምሳ ላይ ናት።»

ፊታውራሪ ወደ ዶክተሩ ተመለከቱ። ዶክተሩ መርፌውን መወልወል ጀመረ። የዲንሾ ነፋስ በርትቶ ነበርና ካባቸውን ሰብስበው ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ቡሬ የገብስ ገለባዋን ጨርሳ ተኛች።