ደጅ የጠኑኝ ሹማምንት

ትናንት ከምሳ በኋላ በሕልሜ ሹማምንት ደጄን ሲጠኑ አየሁ።

ሥራዬ የፖሊሲ ውትወታ ይባላል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ነገሩ ግን ያው ደጅ ጥናት ነው። የክልላችንን ንብ አናቢዎች ወክዬ ስድስት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ዞሬያለሁ። የምንለምነው በግብርና አዋጁ ውስጥ እንድትገባ አንዲት አንቀጽ ነው፦ የማሳ መድኃኒት የሚረጨው ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ይሁን የምትል። በጠራራ ፀሐይ እየተረጨ ንቡ አለቀ። አጎቴ ጓንጉል ከአርባ ቀፎ የቀሩት ሦስት ናቸው።

በሕልሜ ታዲያ ትልቁ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የግብርና ቢሮው ኃላፊ አቶ አስናቀው ፋይላቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የምክር ቤት አባላት ተሰልፈዋል፤ የሰልፉ ጭራ መናኸሪያው ደርሷል።

«ጌታዬ፣ እባክዎ አንድ አንቀጽ ይስጡን» አሉኝ አቶ አስናቀው።

«ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ብቻዎን ነዎት እኮ!»

«ከራሴ ጋር ነው የምሰበሰበው። ነገ ይመለሱ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስድስት ዓመት ስሰማት የኖርኳትን ቃል አጣጥሜ ተናገርኳት። አቶ አስናቀው ወጡና ወዲያው ተመልሰው ገቡ።

«ነገ ሆነ» አሉ።

ቀና ብዬ የግድግዳውን ካሌንደር ባየው እውነትም ሆኗል። አንጀቴን በሉኝና አንቀጿን ሰጠኋቸው። እጄን ስመው አዳራሽ ይዘውኝ ገቡ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሩን ሁሉ የያዙት ንቦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለዋል። የምክር ቤት አባላቱ ከግድግዳው ሥር ቆመው ላብ ይጠርጋሉ። አፈ ጉባኤዋ አውራዋ ንብ ነበረች።

«የሚቃወም?» አለች። አንድም አልተገኘም።

«ድምፅ የሚያቅብ?»

አንድ ወፍራም ድንጉላ፣ ሥራ የማይሠራ ወንድ ንብ፣ እግሩን አነሣ።

«ለምን ታቅባለህ?»

«አጀንዳውን አላነበብኩትም፤ ልማዴ ነው።»

«የሚደግፍ?»

ንቦቹ ሁሉ እግራቸውን አነሡ። ያውም ስድስቱንም! መቆሚያ ሲያጡ ጊዜ እየተንሳፈፉ ጣሪያው ጋ ደረሱ። ድምፅ ቆጣሪው ግራ ገባውና ሦስቴ ደጋግሞ ቆጥሮ፣ «በስድስት እጥፍ ሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ብሎ ጮኸ። አቶ አስናቀው ከረባታቸውን ፈትተው እስክስታ ወረዱ። እኔም ወረድኩ። አጎቴ ጓንጉል ሲሰማ የሚሆነውን እያሰብኩ በደስታ አለቀስኩ፤ ንቦቹም ብድግ አድርገው ወደ ላይ ይዘውኝ ወጡ።

«ጋሼ! ጋሼ ይልቃል!»

ዓይኔን ገለጥኩ። የአቶ አስናቀው ቢሮ በር ላይ፣ የባለጉዳዮች አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። የማላውቀው ኮት ለብሻለሁ። ጸሐፊዋ ዝማም ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ አስናቀው ራሳቸው ሊጠሩዎት ወጥተው ነበር» አለችኝ። «ረቂቅ አዋጁን ወደ ምክር ቤት ከመውሰዳቸው በፊት የእርስዎን አንቀጽ ሊያስገቡልዎት።»

«እና?»

«ሲያዩዎት አሳዘኗቸው። ‹ስድስት ዓመት የለፋ ሰው ነው፤ ይረፍ፣ እንዳትቀሰቅሱት› አሉና ኮታቸውን አልብሰውዎት ሄዱ።»

«ረቂቁስ?»

«ጸደቀ። አሁን በሬዲዮ ተናገሩ።»

«አንቀጿስ?»

ዝማም ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«እሷማ ይቺው፣ ከነወረቀቷ ጭንዎ ላይ ናት።»