የላይኛው ፎቅ ደጃዝማች

የቤተ መንግሥት ሴራ ሲባል ምን ይታያችኋል? እኔ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሳጠና የሚታየኝ የድንጋይ ግንብ፣ የወርቅ ዙፋን፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያንሾካሽክ ባለሟልና መርዝ የገባበት ብርሌ ነበር። ተመርቄ እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት የሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ቤት ስመለስ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ለሴራ ግንብ አያስፈልግም። ሊፍት የሌለው ሕንፃና አንድ የጋራ ደረጃ ይበቃል።

በእኛ ደረጃ ላይ ሁለት መንግሥታት ነበሩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እናቴ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አባባ ፈረደ። አባባ ፈረደ በዕድሜ እናቴን የሚበልጡ፣ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠቡ የተነሣው በእህቴ ሰርግ ነው። እራቱ ሊቀርብ ሲል ከነቤተሰባቸው ብድግ ብለው ወጡ። ምግብ ሳይቀምሱ! ይህ ምን ያህል ስድብ እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ስማቸውን ጠርታ አታውቅም። «የላይኛው» ነው የምትላቸው። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ግድግዳውን ሰላም ብለው ያልፋሉ። መልእክት የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀኝ እኔ።

«ለላይኛው ንገሪ፣ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል።»

ወጣሁ፤ ነገርኩ።

«ለእናትሽ ንገሪ፣ ዝናብ ከእግዚአብሔር ነው።»

ወረድኩ።

ታዲያ አንድ ክረምት ማትናስ የምንለው የሰፈሩ ማዕከል፣ ሽማግሌዎችና እናቶች የሚጫወቱት ቴአትር እንድጽፍ ጠየቀኝ። ጻፍኩ። አንዲት የጎንደር ንግሥት አለች፤ በቀኟ የሚቀመጥ ደጃዝማች ልጇን ከአልጋው ሊያወርድ ያሴራል፤ በመጨረሻ ትደርስበትና ታሰቅለዋለች። ይቅርታ የሚባል ነገር አልነበረውም። ስናገር ነው እንጂ የማፍረው፣ ስጽፍ ጨካኝ ነኝ።

እናቴ ታሪኩን አንብቤላት እንደጨረስኩ «ንግሥቲቱ እኔ ነኝ» አለች። «ደጃዝማቹ ግን የላይኛው ካልሆነ አልሠራም።»

እምቢ ይሉኛል ብዬ ተስፋ እያደረግሁ ወጣሁ።

«አባባ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ደጃዝማቹ መጨረሻ ላይ ይሰቀላል።»

«መጨረሻውን ተይው። መጀመሪያ ላይ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከንግሥቲቱ ቀኝ።»

«ወንበሩ መደገፊያ አለው?»

«አለው።»

«እሠራለሁ።»

እናቴ ቴአትሩን የፈለገችው ለመጨረሻው ትዕይንት እንደሆነ ገብቶኛል። ሰውዬው በአገር ፊት እግሯ ሥር ሲንበረከኩ ማየት ነበር ምኞቷ። በዚያ ላይ በዕድሜ የሚበልጧትን ሰው ያለ ይሉኝታ «አንተ ከሃዲ!» የምትልበት ሌላ ቦታ ከየት ይመጣል? በልምምድ ጊዜ ያቺን ቃል ብቻ ሳያስፈልግ ደጋግማ ታጠናት ነበር። እሳቸው ለምን እንደፈለጉት ግን አልገባኝም። ይህን ሁሉ የነገሥታት ታሪክ አንብቤ፣ የወንበር ነገር አልገባኝም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ተቀመጡ። ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር፣ ፍራሽ ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሜ ከቁርጥራጭ ስፖንጅ የቤተ መንግሥት ግንብ ሠርቶ፣ ግራጫ ቀለም ቀብቶ አቁሞታል። እኔ ጽሑፌን ይዤ መጋረጃ ጀርባ ተደብቄያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ቦታ የለም።

አባባ ፈረደ ባለ ወርቅ ጥልፍ ካባቸውን ለብሰው ከንግሥቲቱ ቀኝ ተቀመጡ። መነሻቸው ደረሰ። አልተነሡም።

«አባባ፣ ይነሡ እንጂ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«ገና አልጠገብኩም!» አሉ በሙሉ ድምፃቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

እናቴ ጥርሷን ነክሳ «አንተ ደጃዝማች፣ ሂድ!» ብትል፣ «ንግሥት ሆይ፣ እዚህ ነፋሱ ደኅና ነው» ብለው ተደላደሉ። እንደምንም አስነሣናቸው።

የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ወንድሜ ወታደር ሆኖ ይዟቸው ገባ። በጽሑፉ መሠረት ተንበርክከው፣ ንግሥቲቱን ተሳድበው ወደ ስቅላት መሄድ ነበረባቸው። እሳቸው ግን ወደ ግንቡ ዞሩና አንዱን ድንጋይ መዘዙ። ግንቡ ወደ ጎን አዘመመ። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ ጭነው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እናቴ እግር ሥር ወደቁ። ከትራስ እንደሚቀል የማውቀው እኔ እንኳ ላብ አጠመቀኝ።

በእኛ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀ ሰው እንዲሁ አይታለፍም። የፊት ረድፍ ሽማግሌዎች እንደ አንድ ሰው ተነሡ።

«ንግሥት ሆይ፣ ማሪው!»

«ድንጋይ ተሸክሟል እኮ!»

ከኋላም ተነሡ። የታሪኩን ማጠቃለያ በዕብራይስጥ ያነበበው የማትናሱ ኃላፊ ሮጦ ወደ እኔ መጣ። «ማ ኮሬ? ምን እየሆነ ነው? ይሰቀላል አልነበረም እንዴ?»

«ሽምግልና ነው» አልኩት።

«ጽሑፉ ላይ አለ?»

«አሁን አለ።»

እናቴ ወደ መጋረጃው ዞረች። «ምን ልበል?» አለችኝ በዓይኗ። «ስቀሉት!» የሚለው ቃል እጄ ላይ ነው። ስንት ጊዜ አብረን አጥንተነዋል። አፌን ከፈትኩ።

«የፈለግሽውን በይ፣ እማዬ።»

የካርቶን ዘውዷን አስተካከለች።

«እራቴን ሳይበሉ ለምን ሄዱ?» አለች። አንተ መባሉ ቀረ።

ከድንጋዩ ሥር ድምፅ መጣ። «በር ሥር አስቀመጥሽኝ። ከድምፅ ማጉያው አጠገብ። ከሕፃናት ጋር!»

«እኔ መች አየሁ! ሙሽራ ሳለብስ ነበርኩ፤ ወንበር የደለደሉት የአዳራሹ ሰዎች ናቸው። አይነግሩኝም ነበር?»

«ወንበር ስጡኝ ብዬ ልለምን?»

እናቴ ጎንበስ ብላ «ያውርዱት» አለች፤ «ወገብዎን ይጎዳዎታል።»

እልልታው ሲቀልጥ ግንቡ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ የቤተ መንግሥት ነገር አልገባችሁም። በማግሥቱ እናቴ ከእንቅልፏ የነቃችው ተቆጥታ ነው።

«ስፖንጅ ነው እኮ! በስፖንጅ ታርቄ ቀረሁ? ውጪ፣ ንገሪልኝ!»

ወጣሁ። አባባ ፈረደ ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው ሻይ ይጠጣሉ።

«ንገሪያት» አሉ፤ «የእሷም ዘውድ ካርቶን ነበር። ይመጣጠናል።»

ወረድኩ፤ ነገርኩ። እናቴ ወንበር እስክትይዝ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች «ለላይኛው...» አለችና አቆመች። «ለአባባ ፈረደ ንገሪ። ዓርብ እራት እኔ ዘንድ ናቸው።»

ዓርብ ማታ መጡ። እናቴ ከበሩ በጣም የራቀውን ወንበር ሰጠቻቸው። መቀመጫው ላይ ትራስ አድርጋ ያስቀመጠችው ያንን ግራጫ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡበት።

«ይመቻል» አሉ።

በሉ። እንደገና በሉ። ገበታው ተነሣ፣ እናቴ ማዛጋት ጀመረች፤ እሳቸው ተደላድለው ተቀምጠዋል። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔም እንደ ለመደብኝ ከማድ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አንሾካሾኩ።

«አባባ፣ ይነሡ እንጂ።»

«ገና አልጠገብኩም!»