ለፕሮግራመር የተላኩ ሽማግሌዎች

እንዳልካቸው ደሴ ላይ የአንድ ወር ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ግን ሲያስነጥሰው እንኳን በፕሮፖዛል ሆኗል። የስልክ ጥገና ቤቱን ዘግቶ ጌም ሊሠራ ተነስቷል፤ ጭላዳ ከገደል እየወጣ ገብስ ሲያወድም ተጫዋቹ ማሳውን የሚጠብቅበት ጌም። ሐሳቡ አለ። ስሙ አለ። «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚል የደረት ባጅም ታትሟል። የቀሩት ጌሙን የሚሠራው ሰውና ገንዘቡ ብቻ ናቸው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ፣ ለጀማሪ ጌም ሠሪዎች ገንዘብ የሚሰጥ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ይደውልለታል። ቡድን ካለው ይረዱታል። ከሌለው ወደ ከላላ ሄዶ አጎቱ ወፍጮ ቤት እህል ይመዝናል፤ አጎቱም ተስፋቸውን ሳይቆርጡ ሽርጡን ከወዲሁ አሰፍተውለታል።

አሁን መካነ ሰላም መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከአብሮ አደጉ ከዋለ ጋር ተቀምጧል። የተቀመጠባትን ወንበር የመረጣት ራሱ ነው፤ ከተማው ውስጥ ኔትወርክ የማይቆራረጠው እሷ ላይ ብቻ ነው ይባላል።

እንዳልካቸው፦ ሁለት ሰው ቡድን አይባልም አልኩህ እኮ!

ዋለ፦ ሁለት በሬ ግን ጥማድ ይባላል።

እንዳልካቸው፦ እኛ በሬ አይደለንም።

ዋለ፦ እሱስ ልክ ነህ። በሬ ብንሆን እስካሁን አንድ ትልም ይወጣን ነበር።

እንዳልካቸው፦ ስማኝ ዋለ። ቡድን ማለት አንድ ባለራዕይ፣ አንድ ባለሙያ፣ አንድ ደግሞ... ሌላ ሰው ነው።

ዋለ፦ ባለራዕዩ ማነው?

እንዳልካቸው፦ እኔ።

ዋለ፦ ሌላ ሰውየውስ?

እንዳልካቸው፦ አንተ።

ዋለ፦ ደህና ነው። ከዚህ በፊት ምንም ሆኜ አላውቅም።

እንዳልካቸው፦ የጎደለን ባለሙያው ነው። ፕሮግራመር። ለዚህ እኮ ነው ደሴ ስሄድ «የትምወርቅን አሳምንልኝ» ብዬህ የሄድኩት። አሳመንካት?

ዋለ፦ እኔ ለማሳመን ምን አፍ አለኝ? ሽማግሌ ላክሁ።

እንዳልካቸው፦ ምን ላክህ?

ዋለ፦ ሽማግሌ። የሰው ልጅ በቴሌግራም ይጠየቃል እንዴ?

[እንዳልካቸው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ወዲያው የትምወርቅ ፊቱ ድቅን አለችበት። መናኸሪያው ጀርባ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ኮድም የምትጽፍ፣ ኮምፒውተር ቆጣ ስትለው የሚታዘዝላት ልጅ ናት። ስለ ጌሙ ሊያስረዳት በሄደ ቁጥር «ፎቶ ኮፒ ከሆነ ተቀመጥ፤ ወሬ ከሆነ በሩ ያው» ብላ መልሳዋለች። አፉን መልሶ ዘጋው።]

እንዳልካቸው፦ ግድ የለም። በሠለጠነው ዓለምም ባለሙያ የሚመለመለው በአማካሪ ነው። ማን ማን ሄደ?

ዋለ፦ አቶ ውበቱ፣ ሼህ ረመዳንና መሪጌታ ቸኮል።

እንዳልካቸው፦ ብዝኃነት አለው። ድርጅቱ ብዝኃነት ይወዳል። ቀጥል።

ዋለ፦ ከአቶ ኪዳነማርያም ደጅ ደረሱ። አባቷ ናቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሏቸው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

እንዳልካቸው፦ [ጠረጴዛውን መታ አድርጎ] ይኸው! ሥልጠናው ላይ የተነገረንን ነው ያደረጉት። ትልልቆቹ የጌም ኩባንያዎች የሚሰበሰቡት ቆመው ነው። ሐሳብ ይሳላል።

ዋለ፦ ሼህ ረመዳንን እንኳ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

እንዳልካቸው፦ ያለ መሥዋዕትነት ኩባንያ የለም። ከዚያስ?

ዋለ፦ ጉዳዩን ተናገሩ። አቶ ኪዳነማርያም አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «ከዘመድ ልማከር፤ ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

እንዳልካቸው፦ ሁለተኛ ዙር! ዋለ፣ ሁለተኛ ዙር አልፈናል! እኔ እኮ በዓለም ዙሪያ ያልጠየቅሁት ድርጅት የለም፤ የሚመልሱልኝ «እናመሰግናለን» ብለው ነው። እሱንም ማሽን ነው የሚጽፈው። አንተ በአንድ ቀን ሁለተኛ ዙር ገባህ!

ዋለ፦ እኔ ምንም አላደረግሁም። የሼህ ረመዳንን በቅሎ ነው የያዝኩት።

እንዳልካቸው፦ ትራንስፖርትም ያው የሥራ ክፍል ነው። በሳምንቱስ?

ዋለ፦ በሳምንቱ ዘር ተቆጠረ። እስከ ሰባት ቤት። ማሻ የሚባል አገር የኖረች አንዲት ቅድመ አያት አጠራጥራቸው ግማሽ ቀን ፈጁ። በኋላ ሌላ ሴት መሆኗ ታወቀ።

እንዳልካቸው፦ ጥሩ አድርገዋል። ባለድርሻዎች ዘመዳሞች ከሆኑ የጥቅም ግጭት ይመጣል።

ዋለ፦ መሪጌታም «ዘመድ ከሆኑ አይሆንም፤ ይፈርሳል» ነው ያሉት።

እንዳልካቸው፦ መሪጌታ የንግድ ሕግ እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር። ሰውን መናቅ ጥሩ አይደለም።

ዋለ፦ ቀጥለው «ልጁ ምን አለው?» አሉ።

እንዳልካቸው፦ [ቀጥ ብሎ ተቀመጠ] ምን አልካቸው?

ዋለ፦ እውነቱን። ሁለት በግና አንድ ቀፎ ንብ።

እንዳልካቸው፦ እነሱ ያንተ አይደሉም እንዴ?

ዋለ፦ የእኔ ናቸው።

እንዳልካቸው፦ [ልቡ ተነክቶ] ያለህን ሁሉ ለኩባንያው አዋጣህ ማለት ነው። ዋለ፣ ይሄ አይረሳልህም። ራዕያችንንስ አልነገርካቸውም?

ዋለ፦ «ራዕይም አለ» ስላቸው መሪጌታ አማተቡ። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁትም።

እንዳልካቸው፦ እና ምን ወሰኑ? አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው እኮ! አታንጠልጥለኝ።

ዋለ፦ አብሽር። እሺ አሉ። ሼህ ረመዳን ዱዓ አደረጉ፤ መሪጌታም «አባታችን ሆይ» አሉበት።

እንዳልካቸው፦ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ። የእኔ ኢሜይል እንኳ እንዲህ አይጠበቅም።

ዋለ፦ አቶ ኪዳነማርያም ደግሞ «በእኔ በኩል አንድ ጊደር፣ መንገድ ዳር ያለችውንም ክፍል ከነቆጣሪዋ እሰጣለሁ» አሉ።

[እንዳልካቸው ተነስቶ ቆመ። ኔትወርኩን እንዳያጣ አንድ እግሩን ወንበሯ ላይ ትቶ ነው የቆመው።]

እንዳልካቸው፦ ቢሮ?

ዋለ፦ ክፍል ናት። ጣሪያዋ በክረምት ትንሽ...

እንዳልካቸው፦ ቢሮ ናት! ባለሀብት አገኘን እኮ! ሰው ባለሀብት ፍለጋ አዲስ አበባ ጫማ ይጨርሳል፤ አንተ መናኸሪያ ጀርባ በቅሎ ይዘህ ቆመህ አገኘኸው! ባለሙያውም ገንዘቡም ከአንድ ቤት! ጊደሯን ግን ምን እናደርጋታለን?

ዋለ፦ ትወልዳለች።

እንዳልካቸው፦ [በአክብሮት ድምፅ] ራሱን የሚያሳድግ ካፒታል።

ዋለ፦ ከዚያ ክር አምጥተው የጣቷን ልክ ሰጡኝ።

እንዳልካቸው፦ ለአሻራ ነው። የመረጃ ደኅንነት ቀልድ አይደለም።

ዋለ፦ አንድ ጣቷን ብቻ ነው የለኩልኝ።

እንዳልካቸው፦ ይበቃል። እኔም ስልኬን የምከፍተው በአንድ ጣት ነው።

ዋለ፦ ቀኑም ተቆርጧል። ለዳግማ ትንሣኤ።

እንዳልካቸው፦ [ቅር ብሎት] የምረቃው ቀን? ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሳይሰማ?

ዋለ፦ ድንኳኑ ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው ተይዟል።

እንዳልካቸው፦ ድንኳንም አለ?

ዋለ፦ እንዴታ! ከኩታበር ጀምሮ ነው ሰው የሚመጣው። በሬም ተገዝቷል።

እንዳልካቸው፦ [ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል] አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ይሄን ያህል ተጠቃሚ! ይሄ ሕዝብ ቴክኖሎጂ አይወድም የሚል ሰው ከእንግዲህ ፊቴ እንዳይቆም።

ዋለ፦ አንድ ነገር ብቻ አሳፍሮኝ ነበር። ድንገት የክርስትና ስም ጠየቁኝ።

እንዳልካቸው፦ ምን ያሳፍራል? የመግቢያ ስም ነው። አካውንት ሊከፍቱ ይሆናል። ምን አልካቸው?

ዋለ፦ ገብረ ሥላሴ።

እንዳልካቸው፦ አበላሸኸው! የእኔ ወልደ ገብርኤል ነው።

ዋለ፦ አውቃለሁ።

እንዳልካቸው፦ ታዲያ ገብረ ሥላሴ ማነው?

ዋለ፦ እኔ ነኛ።

[አንድ የሚኒባስ ረዳት «ደሴ፣ ደሴ» እያለ አለፈ። እንዳልካቸው ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር ጀመረ፤ በሬ፣ ድንኳን፣ የጣት ልክ፣ ጊደር፣ ሰባት ቤት። በቆጠረ ቁጥር ፊቱ ላይ ያለው ደም አንድ ደረጃ ይወርድ ነበር።]

እንዳልካቸው፦ ዋለ። ሽማግሌዎቹን ምን ብለህ ነው የላክሃቸው?

ዋለ፦ አንተ ያልከኝን። «የትምወርቅን ለጌም ስጡን በሉልን» አልኳቸው። አቶ ውበቱ «ጌም ምንድነው?» አሉ። «ጨዋታ ነው» አልኩ። አቤት እንዴት እንደተቆጡ! «ጋቢ ለብሰን፣ የሰው ደጅ ቆመን፣ ሴት ልጅህን ለጨዋታ ስጠን ልንል? ከዚያ ወዲያ በዚህ አገር ማን ለእርቅ ይጠራናል?» አሉ። ሼህ ረመዳንም «አስተግፊሩላህ! በሉ ነገሩን በወጉ እናድርገው» አሉ። በወጉ አደረጉት።

እንዳልካቸው፦ በወጉ ካደረጉትስ ለእኔ ነዋ! ሐሳቡ የማነው?

ዋለ፦ አንተ ደሴ ነህ። ሽማግሌ ለሌለ ሰው አይቆምም። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ በአካባቢው የነበርኩት ላጤ እኔ ብቻ።

እንዳልካቸው፦ አንተስ ዝም ትላለህ?

ዋለ፦ ትልልቅ ሰዎች ሲናገሩ ምን እላለሁ? ደግሞ ልጅቱን አልጠላኋትም።

እንዳልካቸው፦ እሷስ? እሷን ማን ጠየቀ?

ዋለ፦ አባቷ ናቸዋ። መጀመሪያ «የትኛው ነው?» አለች አሉ። «የሚያወራው ከሆነ ኩታበር ሄዳለች በሏቸው። ያ ወረቀቱ ታትሞ እስኪያልቅ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ከሆነ ግን እኔም ሳስበው ነበር» አለች።

[ለነገሩ እንዳልካቸው ደሴ ሆኖም ለዋለ በየቀኑ በቴሌግራም ፕሮፖዛል እየላከ «አሳትምልኝ» ይል ነበር። ወረቀቱ የትምወርቅ ዘንድ ይታተማል፤ ዋለ ይቀመጣል። ፕሮፖዛሉ በየቀኑ ይረዝም ነበር።]

እንዳልካቸው፦ [በቀጭን ድምፅ] ጌሙስ?

ዋለ፦ ጀምራዋለች። ምን እንደሆነ ስነግራት ወደደችው። ተጫዋቹ በጠመንጃ ይተኩስ ያልከውን ግን «ጭላዳ ቢገድል የፓርክ ጠባቂ አይለቀውም» ብላ በወንጭፍና በጩኸት አደረገችው። አሁን ማታ ማታ አባቷ ናቸው የሚጫወቱት። እስካሁን ገብሱን አንድ ቀን እንኳ አላተረፉም። እራት ቀርቦ «ቆይ፣ እየገባብኝ ነው» ይላሉ።

[ስልኩ ጮኸ። እንዳልካቸው ወንበሯ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፈተው። የከላላው ወፍጮ ከሩቅ ሲያጓራ የሰማ መሰለው።]

ሉሊት፦ [ከስልኩ ውስጥ] አቶ እንዳልካቸው? ሉሊት እባላለሁ፤ ገንዘቡን ከሚሰጠው ድርጅት ነው የምደውለው። በቀጥታ ልጠይቅዎት፤ ቡድን አላችሁ?

እንዳልካቸው፦ አለን።

ሉሊት፦ ሁሉም «አለን» ነው የሚለን። ገንዘቡን እንሰጣለን፤ ሳይከርም ፕሮግራመሩ ከባለ ሐሳቡ ይጣላል፣ ቡድኑ ይበተናል። የእናንተ ላለመበተኑ ምን ዋስትና አለ?

[እንዳልካቸው ዋለን አየው። ዋለ ሻዩን ያማስላል።]

እንዳልካቸው፦ ሦስት ሽማግሌ ገብቶበታል። እስከ ሰባት ቤት ተጣርቷል። በሁለት ሃይማኖት ተመርቋል። ማፍረስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በመሪጌታ ቸኮል በኩል ማለፍ አለበት።

ሉሊት፦ እንዲህ ያለ የቡድን ስምምነት ቀርቦልን አያውቅም።

እንዳልካቸው፦ እኛ አገር ነገር በወጉ ነው የሚደረገው።

ሉሊት፦ የሥራ ቦታስ?

እንዳልካቸው፦ ከነቆጣሪው።

ሉሊት፦ ጌሙን የሞከረው ሰው አለ?

እንዳልካቸው፦ አንድ አባት አሉ። እራት እንቢ እያሉ ይሞክሩታል።

ሉሊት፦ ግሩም ነው! ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? አልፋችኋል። ስማችሁንና የሥራ ድርሻችሁን ልመዝግብ።

እንዳልካቸው፦ የትምወርቅ ኪዳነማርያም፣ ፕሮግራመር። ዋለ ተገኘ...

ሉሊት፦ እሱ ምንድነው?

እንዳልካቸው፦ ዋስትናው እሱ ነው።

ሉሊት፦ ጥሩ። እርስዎስ? እርስዎ በዚህ ቡድን ውስጥ ምንድን ነዎት?

[እንዳልካቸው ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ ቁልቁል አየ። ከዚያ ወደ ዋለ፣ ከዚያ ወደ መናኸሪያው፣ ከዚያ ወደ ሰማይ። ከሰማይም የመጣለት መልስ አንድ ብቻ ነበር።]

እንዳልካቸው፦ እኔ... ሚዜ ነኝ።

ዋለ፦ [ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ በትሕትና] ሁለተኛ ሚዜ ብለሽ ጻፊው እህቴ። አንደኛው ተይዟል።